ሳንባን የሚያበስል፣ ዕድገትን የሚነካ፦ በእርግዝና ወቅት የሚሰጥ የስቴሮይድ ሕክምና ታሪክ ከኦክላንድ እስከ ሲቀላ

መግቢያ

አርባ ምንጭ ከተማ በሁለት ደረጃ የተቀመጠች ናት። ከላይ ሼቻ፣ ከታች ደግሞ የንግዱና የመንገደኛው መናኸሪያ ሲቀላ ይገኛሉ። ከጨንቻና ከሌሎች የጋሞ ደጋማ ወረዳዎች የምትመጣ ነፍሰ ጡር ሕክምና ፍለጋ ከ1,300 ሜትር በላይ የሆነውን ቁልቁለት ወርዳ ሲቀላ ትደርሳለች። ይህች እናት ወደ ጤና ተቋም የደረሰችው የሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈስሶ ወይም ምጥ ያለቀኑ ጀምሯት ከሆነ፣ የሚቀበላት አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም በአንድ በኩል ዋጋው ርካሽ የሆነ የዴክሳሜታዞን ብልቃጥ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው መርፌው የጽንሱን ሳንባ ሊያደርስለት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ያው መርፌ የጽንሱን ዕድገት ይጎዳል ወይ የሚለው ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያው ከበግ በረት ተነሥቶ የሕክምናን ማስረጃ መመዘኛ እስከ መለወጥ የደረሰ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ፋክተሮች በመባል ከሚታወቁት ፕሮቲኖችና ከተሸካሚዎቻቸው ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ታሪኮች አገናኝቶ፣ ዛሬ በጋሞ ዞንም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ የሚሰጡትን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍርሃት ከተስፋ በፊት

ኮርቲዞን ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በታላቅ ክብር ነበር። የአድሬናል ዕጢን ሆርሞኖች ምንነት የመረመሩትና ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕክምና ያዋሉት ኬንዳል፣ ራይሽታይንና ሄንች በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በዓመቱ፣ በ1951፣ ፍሬዘርና ፌይንስታት የተባሉ ተመራማሪዎች ለእርጉዝ አይጦች ኮርቲዞን ሲሰጥ ግልገሎቹ የላንቃ መሰንጠቅ ይዘው እንደሚወለዱ አሳወቁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስቴሮይድ ለነፍሰ ጡር መስጠት በፍርሃት የሚታይ ጉዳይ ሆነ።

በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ለምን ታፍነው እንደሚሞቱ ታወቀ። በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የአየር ከረጢቶችን ከመጨበጥ የሚጠብቀው፣ ሰርፋክታንት የተባለው ስብ አዘል ንጥረ ነገር እንደሚጎድለው አሳዩ። ምክንያቱ ቢታወቅም ፈውሱ ገና አልተገኘም ነበር። በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ 2.1 ኪሎ ግራም መዝኖ ተወለደ። በሠላሳ ዘጠኝ ሰዓት ውስጥም በዚሁ የመተንፈስ ችግር አረፈ። ሥልጣንም ሀብትም ያለው ቤተሰብ ሊያድነው ያልቻለውን ሕፃን፣ ዛሬ አንድ የወረዳ ሆስፒታል በበቂ ዝግጅት ሊያድነው ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ካመጡት ነገሮች አንዱ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ነው።

የኦክላንዱ በግ

በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ በናሽናል ዊመንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ግራሃም ሊጊንስ መጀመሪያ የተነሡት ሳንባን ለማዳን አልነበረም። ጥያቄያቸው ምጥን የሚያስጀምረው ማን ነው፣ እናቲቱ ወይስ ጽንሱ የሚል ነበር። ለዚህም በማኅፀን ላለ የበግ ጽንስ ኮርቲኮስቴሮይድ ሲሰጡት ምጥ ያለጊዜው እንደሚጀምር አረጋገጡ። በ1969 ይህን ውጤት ሲያሳትሙ አንድ ያልጠበቁትን ነገርም አብረው መዘገቡ፤ ይኸውም በዚያ ዕድሜው መተንፈስ የማይገባው ግልገል መተንፈሱና ሳንባውም በከፊል አየር ይዞ መገኘቱ ነበር። ሊጊንስ ይህን በአጋጣሚ የተገኘ ምልክት ችላ አላሉትም። ስቴሮይዱ ሰርፋክታንት የሚያመርቱትን የሳንባ ሕዋሳት ቀድሞ አብስሏቸው ይሆናል ብለው አሰቡ።

ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር ሆነው በዚያው ዓመት መጨረሻ በእናቶች ላይ ጥናት ጀመሩ። ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ 12 ሚሊ ግራም ቤታሜታዞን፣ ከ24 ሰዓት በኋላም ያንኑ መጠን እንዲወስዱ ተደረገ። ለቀሩት ኃይሉ እጅግ ያነሰ የኮርቲዞን መርፌ ተሰጠ። በ1972 የታተመው የ282 እናቶች ውጤት እንዳሳየው፣ የመተንፈስ ችግር የደረሰባቸው ሕፃናት መድኃኒቱን ካገኙት ወገን 9.0 በመቶ ሲሆኑ ካላገኙት 25.8 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው የሕይወት ሳምንት የሞቱት ደግሞ 3.2 በመቶና 15.0 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከ32 ሳምንት በታች በሆኑትና ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይተው፣ ነገር ግን ሰባት ቀን ሳይሞላ በተወለዱት ላይ ነበር።

ሃያ ዓመት የዘገየ መርፌ

ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም ዓለም አልተቀበለውም። ለመዘግየቱ ምክንያቶች ነበሩ። በመጀመሪያው ጥናት ከባድ የደም ግፊት በነበረባቸው እናቶች ዘንድ የጽንስ ሞት ጨምሮ ይሆናል የሚል ሥጋት ተጠቅሶ ነበር፤ ይህ ሥጋት በኋለኞቹ ጥናቶች አልተደገፈም። የላንቃ መሰንጠቅ ትዝታም አልጠፋም። ከዚህ በላይ ግን ተከታዮቹ ጥናቶች ትንንሽ ስለነበሩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ አሳማኝ አልሆኑም።

በ1990 ፓትሪሺያ ክራውሊና ባልደረቦቻቸው እስከዚያ የተደረጉትን አሥራ ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ አጠቃለው ሲመዝኑ ጥቅሙ የማያጠራጥር ሆኖ ተገኘ። በ1993 የተመሠረተው የኮክሬን ኅብረትም የእነዚህን ጥናቶች ሥዕላዊ ማጠቃለያ ዓርማው አደረገው። ዓርማው የሚያስታውሰው ድልን ብቻ ሳይሆን ማስረጃው ተሰብስቦ ባለመታየቱ ምክንያት ያለፉትን ሕፃናት ጭምር ነው። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ሕክምናው በስፋት እንዲሰጥ ሲወስን፣ በዚያች ባለጸጋ ሀገር እንኳ መርፌው ከሚገባቸው አምስት እናቶች አንዷ ያህል ብቻ ታገኘው ነበር።

የዕድገት ፕሮቲኖች ታሪክ

የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ የሚጀምረው ከበግ ሳይሆን ከአይጥ ቅርጭጭት ነው። በ1957 ሳልሞንና ዶውዴይ የዕድገት ሆርሞን በቅርጭጭት ላይ በቀጥታ ሲጨመር ያን ያህል ሥራ እንደማይሠራ፣ ሥራው የሚፈጸመው በደም ውስጥ በሚገኝ ሌላ መልእክተኛ አማካይነት እንደሆነ አመለከቱ። መልእክተኛው በ1972 ሶማቶሜዲን የሚል ስም ተሰጠው፤ ሊጊንስና ሃዊ ጥናታቸውን ያሳተሙትም በዚሁ ዓመት መሆኑ የሚገርም መገጣጠም ነው። በ1978 ሪንደርክኔኽትና ሁምቤል በስዊዘርላንድ የሁለቱን ፕሮቲኖች የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ገለጹ። አንደኛው 70፣ ሁለተኛው 67 አሚኖ አሲዶች እንዳሏቸው፣ አሠራራቸውም ከኢንሱሊን ጋር እንደሚመሳሰል ታወቀ። ስማቸውም ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ፋክተር፣ በአጭሩ አይጂኤፍ-1 እና አይጂኤፍ-2 ሆነ።

ለጽንስ ያላቸው ዋጋ በማያሻማ መንገድ የታየው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዲኪያራና ባልደረቦቹ በ1990 የአይጂኤፍ-2 ጂን የተበላሸባቸው አይጦች በመልክና በአካል አቋም የተስተካከሉ፣ ነገር ግን ከመደበኛው ክብደት 60 በመቶ ያህል ብቻ የሚመዝኑ ሆነው እንደሚወለዱ አሳዩ። የአይጂኤፍ-1 ጂን የጎደላቸውም እንዲሁ አንሰው እንደሚወለዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ተረጋገጠ። ከዚህም ከተወለደ በኋላ ላለው ዕድገት ዋነኛው ገዥ የዕድገት ሆርሞን ቢሆንም፣ በማኅፀን ላለው ዕድገት ግን እነዚህ ፕሮቲኖች ወሳኝ መሆናቸው ግልጽ ሆነ።

ፕሮቲኖቹ በደም ውስጥ ብቻቸውን አይዘዋወሩም። ስድስት ያህል ተሸካሚ ፕሮቲኖች አሏቸው። ለአዋላጅ ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተሸካሚ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በእርግዝና ወቅት በተለወጠው የማኅፀን ሽፋን ተመርቶ በሽርት ውሃ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በዚህም ምክንያት የሽርት ውሃ መፍሰሱን ለማረጋገጥ ከሚያገለግሉት ፈጣን ምርመራዎች አንዱ የሚፈልገው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ አይጂኤፍ-1ን ይዞ ከሕዋሱ መቀበያ ስለሚያርቀው፣ መጠኑ ሲበዛ ዕድገት ይቀንሳል።

ስቴሮይድ ከእነዚህ ፕሮቲኖች ጋር የሚገናኘው በዚህ ቦታ ነው። ግሉኮኮርቲኮይዶች የመጀመሪያውን ተሸካሚ ፕሮቲን ጂን እንደሚያነቃቁ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በበግ ጽንስ ላይ የተደረገው ምርምር ደግሞ ኮርቲሶል ሲጨምር በጉበት ውስጥ የአይጂኤፍ-2 ጂን ሥራ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ በተፈጥሮም የሚሆን ነገር ነው፤ መውለጃው ሲቃረብ የጽንሱ የራሱ ኮርቲሶል ይጨምራል፤ ጽንሱም ከመግዘፍ ወደ መብሰል ይሸጋገራል። ሸማኔ የጋቢውን ርዝመት መሸመን አቁሞ ጫፉን ወደ መቋጨት እንደሚያልፍ ማለት ነው። መርፌው ይህን ሽግግር ቀድሞ ያመጣዋል። ስለዚህ የሳንባው መብሰልና የዕድገቱ መገታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሳይሆኑ የአንድ ትእዛዝ ሁለት ፍሬዎች ናቸው። የሕክምናው ብልሃት ትእዛዙን አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው ቀን መስጠት ነው።

የእንግዴ ልጅ መከላከያ

ተፈጥሮ ጽንሱን ከእናቱ ኮርቲሶል የምትጠብቅበት በር አላት። በእንግዴ ልጅ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም የእናቲቱን ኮርቲሶል ወደ ደካማው ኮርቲዞን ይለውጠዋል። ፕሬድኒሶሎንም በአብዛኛው በዚሁ በር ይያዛል። ዴክሳሜታዞንና ቤታሜታዞን ግን ብዙም ሳይለወጡ ያልፋሉ። ስለሆነም ለእናቲቱ ሕመም ፕሬድኒሶሎን፣ ለጽንሱ ሳንባ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን የሚመረጥበት ምክንያት አንድ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ባለሙያ በመድኃኒት ቤት የተገኘውን ማንኛውንም ስቴሮይድ ሳንባ ያበስላል ብሎ ሊሰጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ በሩ ፍጹም አይደለም። በ1978 ራይኒሽና ባልደረቦቿ በእርግዝናቸው ዘመን ፕሬድኒዞን የወሰዱ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት አንሶ መገኘቱን፣ በአይጦችም ተመሳሳይ ውጤት መታየቱን አሳትመዋል። በ1993 ደግሞ ኤድዋርድስ፣ ሴክልና ባልደረቦቻቸው የዚህ በር መድከም ከጽንስ ዕድገት መቀነስና ከኋለኛ ዘመን የደም ግፊት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ።

የተደጋገመው መርፌ

ከ1994ቱ ውሳኔ በኋላ አንድ አዲስ ልማድ ተስፋፋ። እናቲቱ በሰባት ቀን ውስጥ ካልወለደች መርፌው በየሳምንቱ ይደገም ጀመር። አንድ ዙር ከጠቀመ ብዙ ዙር ይበልጥ ይጠቅማል የሚል አስተሳሰብ ነበር። ይሁን እንጂ በበጎች ላይ በምዕራብ አውስትራሊያ የተደረጉ ሙከራዎች የተደጋገመ ቤታሜታዞን የግልገሎቹን ክብደት እንደሚቀንስ አሳዩ። በ2000 የተጠራ ሁለተኛ ጉባኤም መደጋገሙ ከምርምር ውጭ እንዳይደረግ አሳሰበ።

በሃያ ሀገሮች 1,858 እናቶችን ያሳተፈውና በ2008 የታተመው ጥናት ነገሩን በቁጥር ገለጠው። በየአሥራ አራት ቀኑ የተደጋገመ መርፌ ያገኙ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት አማካይ ክብደት 2,216 ግራም ሲሆን፣ አንድ ዙር ብቻ ካገኙት የተወለዱት 2,330 ግራም መዘኑ። ቁመታቸውም የራስ ቅላቸው ዙሪያም አነሰ። በሞትና በከባድ ሕመም ረገድ ግን የተገኘ ትርፍ አልነበረም። የዕድገት ፕሮቲኖች ታሪክ አስቀድሞ የጠቆመው ነገር በመመዘኛው ላይ ታየ ማለት ነው።

በአንጻሩ የአንድ ዙር ሕክምና ምስክርነት የሚያጽናና ነው። በኦክላንዱ ጥናት በማኅፀን ሳሉ መድኃኒቱ የደረሳቸው ሰዎች በሠላሳ ዓመታቸው ተፈልገው በተመረመሩ ጊዜ፣ በ2005 እንደታተመው፣ በቁመትም፣ በክብደትም፣ በደም ግፊትም ካላገኙት ጋር እኩል ነበሩ። የታየው ልዩነት ስኳር ጠጥተው ሲለኩ የኢንሱሊናቸው መጠን በሠላሳኛው ደቂቃ ከፍ ማለቱ ነበር። ይህ ልዩነት ሕክምናውን የሚያስቀር ሳይሆን ያለ ምክንያት እንዳይደጋገም የሚያስጠነቅቅ ነው።

የጋሞ ምድርና የእናቶቿ ጉዳይ

የቀድሞው የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከተማዋ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ መመሥረቷ ለውበቷ ምንጭ እንደሆነ ሁሉ የወባ ሥጋትንም አብሮ አምጥቷል። ይህ ለጉዳያችን የዳር ነገር አይደለም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወባ እንግዴ ልጁን አጥቅቶ ብግነት ሲያስከትል የአይጂኤፍ-1 መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ስቴሮይድ የሚነካው የዕድገት ሥርዓት በወባ፣ በደም ማነስና በምግብ እጥረት አስቀድሞ የተነካ ሊሆን ይችላል። በቆላው የምትኖር አንዲት እናት አነስተኛ ሕፃን ብትወልድ ጥፋቱ የመርፌው ነው ከማለት በፊት የወባ ምርመራዋን፣ የሄሞግሎቢን መጠኗንና የምግብ ሁኔታዋን ማየት ያስፈልጋል።

በአካባቢው የእናቶች ሞት ምን ያህል ከባድ እንደነበረ በቦንኬ ወረዳ እኅቶችን በመጠየቅ ዘዴ ተጠንቶ በ2012 ታትሟል፤ ግምቱ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 1,667 የእናት ሞት ነበር። በዚያው ዘመን አርባ ምንጭን ማዕከል አድርጎ የኖርዌይ ባለሙያዎችም የተሳተፉበት የእናቶችን ሞት የመቀነስ ፕሮግራም፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን በድንገተኛ የወሊድ ቀዶ ሕክምና እያሠለጠነ አገልግሎቱን ወደ ገጠር አቀረበ። በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚያመለክተው ፕሮግራሙ በተካሄደባቸው አካባቢዎች የእናቶች ሞት ከ100,000 ወሊድ ከ477 ወደ 219 ወርዷል። ይህ ታሪክ ከስቴሮይድ ጋር የሚገናኘው በአንድ ነጥብ ነው፦ መርፌው የሚጠቅመው የምትሰጣት እናት ወደ ተቋም ከመጣችና ተቋሙም የሚያዋልድላት ከሆነ ብቻ ነው። በ2000 በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። የስቴሮይድ ጥያቄ በሀገራችን የብዙኃኑ ጥያቄ የሆነው እንግዲህ በቅርብ ነው።

የችግሩን ስፋት በሀገር ደረጃ የሚያሳየው በአምስት ሆስፒታሎች፣ ማለትም በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደርና በጅማ ተካሂዶ በ2019 የታተመው ጥናት ነው። ያለጊዜያቸው ተወልደው በሕክምና ላይ እያሉ ከሞቱት 1,109 ሕፃናት ውስጥ 45 በመቶዎቹ የሞቱት በሳንባ አለመብሰል ሲሆን፣ 30 በመቶዎቹ በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶዎቹ ደግሞ በመታፈን ነበር። የመጀመሪያው ምክንያት ሊጊንስ ከሃምሳ ዓመት በፊት መድኃኒት ያገኙለት ነው።

የመርፌው ቁልፍ፦ ቀን መቁጠር

ሕክምናው ወደ ታዳጊ ሀገሮች በስፋት እንዲገባ በ2012 ታላቅ ግፊት ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት የሕይወት አድን አቅርቦቶች ኮሚሽን ዴክሳሜታዞንን ከአሥራ ሦስቱ አቅርቦቶች አንዱ አደረገው። ይሁን እንጂ በ2015 የታተመው፣ በአርጀንቲና፣ በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን የተከታተለው ጥናት ሁሉንም አስደነገጠ። ሕክምናውን እስከ ገጠር ተቋማት ድረስ ያስፋፉት አካባቢዎች በትንንሾቹ ሕፃናት ሞት ላይ ቅናሽ አላሳዩም። በጠቅላላው የሕፃናት ሞት ግን ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 23.9 ከነበረበት ንጽጽር ወደ 27.4 ከፍ ብሎ ተገኘ። በእናቶች ዘንድ የተጠረጠረ ኢንፌክሽንም ጨመረ። የእርግዝናው ዕድሜ ባልታወቀበት የማኅፀን ከፍታ በመለኪያ ሪባን ይገመት ስለነበር፣ መርፌውን ካገኙት እናቶች አብዛኞቹ የወለዱት ያን ያህል ትንሽ ያልነበረ ሕፃን ነበር። ጥቅም የማያገኝ ጽንስ ጉዳቱን ብቻ ወሰደ ማለት ነው።

መልሱ የመጣው በ2020 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች ባካሄደው ጥናት፣ የእርግዝና ዕድሜያቸው በአልትራሳውንድ የተረጋገጠ 2,852 እናቶች ተካተቱ። ዴክሳሜታዞን ካገኙት የተወለዱ ሕፃናት ሞት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት 23.5 በመቶ ሆነ። የእናቶች ኢንፌክሽንም አልጨመረም። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ የተለወጠው የቀን ቆጠራው እርግጠኝነትና የተቋሙ ዝግጅት ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ባለሙያ አንድ የራሱ የሆነ መሣሪያ አለው። የእኛ ወር ምን ጊዜም 30 ቀን በመሆኑ፣ 280 ቀን ማለት ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። የመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን መስከረም 1 ከሆነ የመውለጃው ቀን ሰኔ 11 ይሆናል። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች አምስት ቀን ይጨመራል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ጥር 17 የጀመረ ቆጠራ ጥቅምት 22 ላይ ያበቃል። በዚሁ ስሌት 24 ሳምንት አምስት ወር ከ18 ቀን፣ 34 ሳምንት ደግሞ ሰባት ወር ከ28 ቀን ነው። ቀኑን በቁጥር የማታስታውስ እናትም በበዓል ታስታውሳለች፤ በጋሞ ምድር ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ከባዶ ግምት የተሻለ መነሻ ይሰጣል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረግ አልትራሳውንድን አይተካም፤ ነገር ግን በጤና ኬላ የተጻፈች አንዲት ትክክለኛ ቀን ከወራት በኋላ ሲቀላ ላይ ለሚሰጠው ውሳኔ መሠረት ትሆናለች።

ከመርፌው በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ዛሬ ግልጽ ነው። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ በሰባት ቀን ውስጥ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ላለ እናት፣ ዕድሜው በአስተማማኝ ሁኔታ ከታወቀ፣ የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለባት፣ ተቋሙ ማዋለድና ያለጊዜው የተወለደውን ሕፃን መንከባከብ ከቻለ ሕክምናው ይሰጣል። ዴክሳሜታዞን ሲሆን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በጡንቻ ይወጋል። ሕፃኑ ሲወለድ የደም ስኳሩን መከታተል ይገባል፤ ወደ መጨረሻው በተቃረበ እርግዝና ስቴሮይድ በተሰጠበት የአሜሪካ ጥናት፣ በ2016 እንደታተመው፣ የደም ስኳር ማነስ ከ15.0 ወደ 24.0 በመቶ ጨምሮ ነበር።

መርፌው ለሳንባ የሰጠውን ጊዜ ለዕድገት የሚመልሰው ደግሞ የእናት ገላና ጡት ነው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አካሂደው በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ገና ከመጀመሪያው በካንጋሮ ዘዴ በእናታቸው ደረት ላይ የተያዙ አነስተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ሞት 22.5 በመቶ ሲሆን በተለመደው መንገድ የተያዙት ሞት 38 በመቶ እንደነበረ አሳይቷል። ይህ ማስረጃ በሀገራችን ሆስፒታል፣ በሀገራችን እናቶች ላይ የተገኘ ነው።

ማጠቃለያ

የዚህ ሕክምና ታሪክ ሦስት ስሕተቶችን በየተራ ያሳያል። መጀመሪያ ማስረጃ እያለ መድኃኒቱ ለሃያ ዓመት ተነፈገ። ቀጥሎ ማስረጃ ሳይኖር ተደጋገመ። በመጨረሻም ጊዜውና ቦታው ሳይለይ ተሰራጨ። የዕድገት ፕሮቲኖች ምርምር ለእነዚህ ስሕተቶች ማብራሪያ ሰጥቷል፤ ስቴሮይድ ለጽንሱ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ማደግህን አቁም፣ ብሰል የሚል ነውና። ለሚወለድ ሕፃን ይህ ትእዛዝ ሕይወት ነው፤ ገና ብዙ ሳምንት በማኅፀን ለሚቆይ ጽንስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

እንግዲህ ከደጋው ወርዳ ሲቀላ ለደረሰችው እናት የሚሰጠው መልስ በብልቃጡ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከወራት በፊት በጻፈችው ቀን፣ አዋላጅ ነርሷ የእናቲቱን ትኩሳትና የሽርት ውሃዋን ጠረን ለመመርመር በሰጠችው ጥቂት ደቂቃ፣ ሆስፒታሉም ለሕፃኑ ባዘጋጀው የሞቀ ክፍል ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ከተሟሉ አራቱ መርፌዎች በሰዓታቸው ይሰጣሉ፤ ካልተሟሉ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ እናቲቱን ሳይዘገይ ወደ ተሟላበት ማድረስ ነው።